አይሸጥም የተባለው ወንበር

ዲሪርሳ ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ሆለታ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የተጋጩ መኪናዎችን አካል እየቀጠቀጠ የሚያቃና ባትላሜራ ነው። ቤቱን ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ጎረቤት ሆነን ስንኖር የሰው ቃል እንዲሁ ሲቀበል አይቼው አላውቅም። ወተት ሲገዛ ሻጯ ፊት ይቀምሳል፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢዋ ስትመጣ አብሯት አጎንብሶ ያነባል። ከሥራ ልብሱ ኪስ አንዲት ክብ ማግኔት አትጠፋም። መኪና ላይ ያስጠጋታል። ከተጣበቀች ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ነው፤ ከወደቀች ስቱኮ ተሞልቷል፣ ያ ቦታ ተመትቷል ማለት ነው።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣበት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደላሎች ፊቷ የተጨፈለቀ መኪና ጎትተው ያመጡለታል። እሱ ያቃናል፣ ይሞላል፣ ይቀባል። ትንሽ ቆይቶ ያቺው መኪና «ቀለም ያልነካት» ተብላ ትሸጣለች። ዲሪርሳ ራሱ ለገዢ ዋሽቶ አያውቅም። ገዢዎቹ እሱ ዘንድ ስለማይመጡ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ በእጁ የሚሠራውን ያውቃል፤ ስለዚህም ዓለም ሁሉ ከላይ ተቀብቶ የሚሸጥ ይመስለዋል።

ሚስቱ ሶያማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከተጋቡ በስምንተኛ ዓመታቸው አረገዘች። መውለጃዋ ሲቃረብ አንድ ነገር ቆርጣ ተናገረች። የምትታረሰው ሱሉልታ እናቷ ቤት ነው፤ ወደዚያ ለመሄድ ደግሞ የእንጦጦን አቀበት መውጣትና መውረድ አለ። ልጇ ያን መንገድ በሰው ጭን ላይ ሆኖ አይሄድም። የሕፃን የመኪና ወንበር፣ ሰው ካር ሲት የሚለው፣ ካልተገዛ ከቡራዩ አትንቀሳቀስም።

እናቷ አዴ ተረፈች ይህን በስልክ ሲሰሙ ቅር አላቸው። ገና ላልተወለደ ልጅ ዕቃ መሰብሰብ አይወዱም። ደግሞም ሰባት ልጆች አሳድገዋል፤ አንዱም ከጭናቸው ወድቆ አያውቅም። ሶያማ በአክብሮት ሰማቻቸውና ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሕፃን መግፊያ ጋሪም ጨመረችበት።

ዲሪርሳ ነገሩን እንደ ሥራ ያዘው። ቡራዩ ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ ዞረ፤ አንዱንም አላመነም። ግማሾቹን ስለሚያውቃቸው፣ ግማሾቹን ስለማያውቃቸው። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሰበታ ሐጂ ሱሩር የሚባሉ ሽማግሌ ከውጭ የገባ የሕፃን ዕቃ፣ አዲስም ያገለገለም፣ እንደሚሸጡ ነገረው። ቅዳሜ ጠዋት ለመሄድ ሲነሳ እኔም ፉሪ የምጠይቀው ዘመድ ነበረኝና አብሬው ተሳፈርኩ።

የሄድነው በእሱ ነጭ ቪትዝ ነው። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ የተመቱ ሁለት መኪናዎችን ቆርጦ በመበየድ አንድ ያደረጋት መኪና ናት። ብየዳው የቱ ጋ እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ይኮራባታል።

የሐጂ ሱሩር ሱቅ ጠባብና ጥልቅ ነው። ሐጂ ሱሩር ጢማቸው የነጣ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዲሪርሳ መጀመሪያ ጋሪ ጠየቀ። አንዱን አነሳና ማግኔቱን እግሩ ላይ አስጠጋ፤ አልያዘም። በጎን አየኝ። ሽማግሌው አሉሚኒየም ማግኔት እንደማይዝ ነገሩት። የሚያውቀውን ነገር ስለነገሩት ይበልጥ ተጠራጠረ። ጋሪውን ወደ ውጭ አወጣ፣ ከጎን ካለው ሱቅ አንድ ከረጢት ስኳር ተውሶ አስተኛበትና ኮብልስቶኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ገፋው። ከዚያ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ከሥር አየው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ተመለከተ። ጉድለት ሲያጣለት እያዘነ ገዛው።

ካር ሲት ላይ ሲደርስ ነገር ተበላሸ። ሐጂ ሱሩር በካርቶን የታሸጉ ሁለት ወንበሮች አወረዱለት። እሱ ግን ካርቶን ሊቀየር ይችላል ብሎ አሰበ፤ ሲያነሳቸውም ቀለሉት። ዓይኑ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ግራጫ ወንበር አልነቀል አለ። ወፍራም ነው፣ ልብሱ ያምራል፣ ቀበቶው ሰፊ ነው።

«ያ ግራጫውስ ስንት ነው?» አለ።

«እሱ አይሸጥም ልጄ። ማሳያ ነው።»

«ማሳያ ከሆነ ለምን ላይ ሰቀሉት?»

«አይሸጥም አልኩህ እኮ» አሉና ካርቶኖቹን መለሷቸው።

ስንመለስ እስከ ፉሪ ስለዚያ ወንበር ብቻ ነበር የሚያወራው። ሻጭ አልሸጥም ካለ የሚደብቀው አለ አለኝ። ጥሩውን ለሚያውቁት ሰው አስቀምጠው ለእንግዳ ቀላል ቀላሉን ይሰጣሉ። ምናልባት እውነት ማሳያ ይሆናል ብዬ ብነግረው፣ አንተ የዋህ ነህ ብሎ ዘጋኝ።

በሚቀጥሉት ቀናት ጥርጣሬው አብሮት አደረ። ወደ ሱቁ ስልክ ደውሎ ስሙን ሳይናገር ጠየቀ፤ መልሱ ያው ሆነ። ሁለት ጊዜ አልሸጥም መባሉ እርግጠኛ አደረገው። በመጨረሻ የሶያማን ታናሽ እህት ጂጂን ለመናት። ጂጂ ኮሌጅ የምትማርና ከእነሱ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። «ዲሬ፣ በጣም አካበድከው እኮ» ብትለውም እሺ አለች። ዓርብ በስድስት ሰዓት፣ ሽማግሌው መስጊድ በሚሆኑበት ሰዓት ላካት። ሱቁን የምትጠብቀው ልጃቸው ሩዋይዳ ነበረች። ግራጫው አይሸጥም ብላ አመነታች። ጂጂም ዲሪርሳ እንዳስጠናት፣ ሐጂ ራሳቸው ለእኔ ቃል ገብተውልኛል፣ ውሰጂው ብለውኛል አለቻት። ሩዋይዳ በርጩማ አስጠግታ ወጣችና አውርዳ ሸጠችላት።

ዲሪርሳ ያን ዕለት ማታ በአጥሩ በኩል ጠርቶ አሳየኝ። ፊቱ ላይ የማውቀው ደስታ አልነበረም፤ ሰው ሌባ ሲይዝ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ሶያማ በቀጣዩ ሳምንት ሴት ልጅ በሰላም ወለደች። ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት የወንበሩ ልብስ በሕፃን ሳሙና ይታጠብ ብላ አዘዘች። ዲሪርሳ ቤት መጥቶ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ልብሱን ይገፍ ጀመር። እኔ በአጥሩ ማዶ ዕንጨት እፈልጥ ነበር። እጁ ድንገት ሲቆም አየሁት።

ከልብሱ ሥር ያለው ነጭ ፎም ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ በማጣበቂያ ተይዟል። ወንበሩን ገለበጠው። የመኪናው ቀበቶ በሚያልፍበት ቦታ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የነጣ መስመር አለ። ፕላስቲክ ከአቅሙ በላይ ሲጎብጥ ይነጣል፤ ያን ለእሱ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ወንበሩ መኪና ውስጥ ሆኖ ተጋጭቷል። ምናልባት ሕፃን ተቀምጦበት።

«አላልኩህም?» አለኝ። «አላልኩህም ነበር?»

እንዲህ ባለ ሁኔታ ብቻውን እንዲነዳ አልፈለግኩምና ተከትዬው ሰበታ ሄድኩ። መንገድ ላይ ምን እንደሚላቸው ሲለማመድ ሰማሁት። ሱቁ ገብቶ ወንበሩን ሐጂ ሱሩር እግር ሥር አስቀመጠው።

«ይሄ ለሕፃን የሚሸጥ ነው? ፈጣሪን አይፈሩም?»

ሽማግሌው ወንበሩን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ። «አንተ ያን ቀን ጋሪ የገዛኸው ነህ» አሉ ቀስ ብለው። «አልሸጥልህም አልኩህ እኮ። እንዴት እጅህ ገባ?»

ሩዋይዳ ከውስጥ ወጣች። ዓርብ ዕለት አንዲት ልጅ መጥታ ሐጂ ቃል እንደገቡላት እንደነገረቻት፣ አባቷም ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወንበሩን ለማን ሰጠሽው እያሉ ሲቆጧት እንደሰነበቱ ተናገረች።  

«ልጅቷን የላክሃት አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሐጂ ሱሩር በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ግራጫው ካገለገሉ ዕቃዎች ጋር ተደባልቆ እንደመጣላቸው፣ ስንጥቁን ካዩ በኋላ ለእናቶች ቀበቶ አስተሳሰር ማስተማሪያ ብቻ እንዳደረጉት አስረዱ። ለምን እንደማይሸጥ ያልተናገሩት ከግጭት የወጣ ዕቃ እዚያ ሱቅ አለ የሚል ወሬ ከተነሳ ሌላውንም ነገር የሚገዛቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ነው።

«ያን ቀን እውነቱን ብነግርህ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ልጄን መዋሸቱ ግን የአንተ ነው።»

ዲሪርሳ ሩዋይዳን ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ከዚያ በላይ አልገፉበትም። ሚስቱ መውለዷን ሲሰሙ እንኳን ማርያም ማረቻት አሉት፤ ከካርቶኖቹ አንዱን አንስተው አዲሱ ወንበር እንዴት እንደሚታሰር መኪናው ላይ ሊያሳዩት ወጡ። አዲስ የተወለደ ልጅ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው እያሉ የኋላውን ቀበቶ ሳቡ። ለቀቁት፤ ቀበቶው አልተመለሰም። እንደገና እስከ መጨረሻው ሳቡትና ወደ ፀሐዩ አዞሩት። አንድ ክንድ ያህል ቦታ ላይ ክሩ እንደተተኮሰ ጨርቅ ያብለጨልጫል፤ ዳርና ዳሩ ተጨማዷል።

«ይቺ መኪና ተጋጭታለች?» ብለው ጠየቁት።

ስንት መኪና በእጁ አልፏል፤ ይህን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። 

«አዎ» አለ።

«ቀበቶውስ የዚያን ዕለት የነበረው ነው?»

«አዎ።»

ሐጂ ሱሩር ካርቶኑን መልሰው አቀፉት። «ቀበቶውን ቀይረህ ና። ያኔ እሸጥልሃለሁ» ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። አንዳች ነገር ደብቀዋል ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ብዙ ከነዳ በኋላ መንገድ ዳር አቆመና እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ ስንቱን መኪና ሲያቃና ቀበቶውን ነክቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ብረቱን ያያል፣ ቀለሙን ያያል። ቀበቶው ግን እንደ ብረት ስለማይጨረማመት ደህና ይመስለው ነበር። ከእነዚያ መኪናዎች አንዳንዶቹ ቡራዩ ውስጥ ሲያልፉ ያያቸዋል፤ ከኋላ ልጆች ይዘው።

ልጅቷ ከሆስፒታል ስትወጣ ሶያማ ሱሉልታ አልሄደችም። ዲሪርሳ ምክንያቱን አልደበቃትም፤ የጂጂን ነገር ጭምር ነገራት። ሁለት ቀን ያህል ከአስፈላጊው በላይ አላነጋገረችውም። አዴ ተረፈች ልጃቸው እንደማትመጣ ሲሰሙ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ጭነው በሚኒባስ ራሳቸው መጡ። በር ላይ «አከም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?»፣ ደህና ነሽ ወይ ልጄ፣ ብለው ልጃቸውን ሳሙ፤ ዲሪርሳን ሰላም ብለውት በቀጥታ ወደ ሕፃኗ አለፉ። ስሟን ዱርሲቱ ያሏት እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ማለት ነው።

እሱ በበኩሉ ቀበቶ ፍለጋ ወጣ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ሁሉ ከተበታተነ መኪና የወጣ ቀበቶ ሞልቷል፤ ሻጩ ሁሉ አልተጋጨም ብሎ ይምላል። ዲሪርሳ መሐላው ከየት እንደሚመጣ ያውቀዋል። ሶያማ ከወለደች በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ አስመጪ እሽጉ ያልተከፈተ አዲስ ቀበቶ አገኘ። እሱንም ከመግጠሙ በፊት ስንዝር በስንዝር ፈተሸው። ከዚያ ጂጂን ይዞ ሰበታ ሄደ። ጂጂ ከሩዋይዳ ጋር ለብቻዋ ተነጋገረች፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም። ሐጂ ሱሩር የኋላውን ቀበቶ ስበው፣ ለቀው፣ እንደገና ስበው አዩና አዲሱን ወንበር ሸጡለት። ዲሪርሳም ግራጫውን እዚያው እፊታቸው ከጋራዡ ይዞት በመጣ መቁረጫ ማሽን አራት ቦታ ቆረጠው።

ተለወጠ ብዬ ልናገር አልችልም። ወተቱን ዛሬም ይቀምሳል። የተጋጩ መኪናዎችንም ያቃናል፤ የሚያውቀው ሙያ እሱ ነው። ግን ወደ ጋራዡ የገባች መኪና ሁሉ ቀበቶዎቿ ተቆርጠው ይወጣሉ። ቀበቶ የሌላትን መኪና ያየ ገዢ ግድ ይጠይቃል። ከደላሎቹ አንዱ ሳቀበት፣ አንዱ ሰደበው፣ ሁለቱ መኪናቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ። ሥራው ቀንሷል። ሶያማ የወሊድ ፈቃዷ ሳያልቅ ወደ ፋርማሲው ለመመለስ ታስባለች።

ዱርሲቱ ሁለት ወር ሊሞላት ሲል ሱሉልታ ሄዱ። አዴ ተረፈች ከኋላ፣ ከሕፃኗ አጠገብ ተቀመጡ። በአዲሱ ገበያ በኩል አቀበቱን ሲወጡ፣ ሶያማ እንደነገረችኝ፣ ዲሪርሳ ሦስት ጊዜ አቁሞ ወርዶ ቀበቶውን ሳበ። በአራተኛው ሊያቆም ዳር ሲይዝ አዴ ተረፈች ከኋላ ሆነው «ልጅቱ ተኝታለች፤ ንዳ» አሉት። እሱም ነዳ።