የክብሪት ቀፎ ያልቻለው

ሞኝነቴን ከወዲሁ ልናገርና ይውጣልኝ። ዕድሜዬ ሃያ ምናምን እስኪሆን ድረስ የሰው ሆድ እንደ ባቡር የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው፤ እኛ ቤት ሁሉም ነገር የሚገባን በፉርጎ ነው። ከኋላ የመጣ ፉርጎ የፊተኛውን ይገፋዋል፤ የፊተኛው መጨረሻ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፤ በቃ። መሃል መንገድ ላይ ምን እንደሚደረግ ጠይቄም አላውቅ። ባልጠየቅኩባቸው ዓመታት ምግብ ይጣፍጠኝ ነበር።

ደርግ ነው ያኔ። ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ የብየዳ ረዳት አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ቀበሌም ድጋፍ ጽፎልኛል። የቀረኝ የጤና ምርመራ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሥራ የሌለው ወጣት መንገድ ላይ ከተገኘ ታፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ነው፤ እናቴ ከቤት በወጣሁ ቁጥር በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። የፋብሪካ መታወቂያ ኪሴ ከገባ ግን እሷም ትተኛለች፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። እና ያ ሁሉ ነገር መጥቶ መጥቶ ሰገራዬ ላይ ቆመ።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለው ክሊኒክ ድሬሰር ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። «ነገ ጠዋት በክብሪት ቀፎ ይዘህ ና። ነገ ካላመጣህ ስምህ አይተላለፍም፤ ቦታው ለሌላ ነው» አለኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ሰገራ የሚወሰደው በክብሪት ቀፎ ነበር። ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው በሙሉ ተደርድሮ፣ ቀፎውን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ይቀመጣል። የድሬ ሙቀት አለ፤ ዝንቡ አለ። እዚያ ወንበር ላይ ሲጋራ አውጥቶ «ክብሪት ይኖርሃል?» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ቀፎውስ ከቀበሌ ሱቅ ተገኘ። የሚገባበት ነገር ነው የጠፋው። ሰሞኑን ሥራ ላገኝ ነው ብዬ በደስታ በርጫ ላይ ነው የከረምኩት፤ ጫት ደግሞ ሆድ ይቆልፋል። የሰፈሩ ሽንት ቤት ውስጥ አፍንጫዬን በሸሚዜ ጠቅልዬ ቁጭ አልኩ። ከሥር ይሞቃል፣ ከላይ ይሞቃል፣ ውጪ የተሰለፈው ሰው ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምንም የለም።

ታዲያ እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ አይደለሁ? ከኋላ ፉርጎ መጨመር ነው አልኩ። ፉል በላሁ። በላዩ ላይ ስፓጌቲ። ከዚያ ቤት ገብቼ የእናቴን ሽሮ፣ ከሽሮው በኋላ ቅቅል እንቁላል። እናቴ «ዛሬ ምን ነክቶታል?» እያለች በደስታ ታቀርባለች። ሳይመሽ ገና ከሰዓት በኋላ የሸሚዜ ቁልፍ አልገጥም አለ። ሳገሳ እንቁላሉና ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ላይ ሆነው ተመልሰው ይመጣሉ፤ የራሴን ትንፋሽ ሸሽቼ ከቤት ወጣሁ።

ቀፊራ ገበያ ጎብጬ ስሄድ ወተት የምትሸጠው ሶማሌ ሴትዮ አየችኝ። ሰፈራችንን የምታውቅ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ትልቅ ሴት ነች።

«ዋርያ! ምጥ ነው እንዴ የያዘህ?»

«ሆዴ ደርቆ ነው እናቴ።»

«ጫት!» አለች፤ ልክ እንደ ሐኪም። «የግመል ወተት ጠጣ። ዋላሂ ድንጋይ ያወጣል።»

«አቦ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

«ሆድህም ክርስቲያን ነው?»

ይሄን ነገር የእኛን ቤት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እናቴ ከሙስሊም ጎረቤቶቿ ጋር ልጅ አብራ ያሳደገች፣ ለቅሶ አብራ የተቀመጠች ሰው ነች። የግመል ነገር ግን! የተጫነ ግመል በበራችን ካለፈ እንኳን ምራቋን ትተፋለች። የግመል ወተት የጠጣ ሰው የነካውን ብርጭቆ ብትሰብረው አይገርመኝም። ግን ነገ ደግሞ ነገ ነው፤ የፋብሪካው ቦታ ለሌላ ሊሄድ ነው። ገዛሁ። በጠርሙስ ሰጠችኝ።

«ትንሽ፣ ትንሽ ጠጣ፤ አልለመድክም። ጠርሙሴን መልስ!» አለችኝ።

ከአንድ ሱቅ ጀርባ ተደብቄ አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት። ለብ ያለ ነው። ጨው ጨው ይላል፣ ጢስ ጢስ ይላል፤ አረፋው ጢሜ ላይ ይቀራል። ገና ጉሮሮዬ ሳይደርስ የእናቴ ፊት ታየኝና ሊመለስብኝ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። ትንሽ ትንሽ ያለችውን ረሳሁ። ጠርሙሱ ባዶ ሆነ።

ሊነጋጋ ሲል ሆዴ ውስጥ አንድ ሰው በርሜል ማንከባለል ጀመረ። ስለቀረው ብዙ አልናገርም፤ ምሳ በልታችሁ ይሆናል። የሚነገረውን ያህል ብቻ፦ ክብሪት ቀፎ የተሠራው ለደረቅ ነገር ነው። ቀፎው እጄ ላይ ራሰና ተበተነ። አጠገቤ የነበረው ሌላ ዕቃ የሴትዮዋ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ በአጫጭር እርምጃ ተሻገርኩ። አንዴ ድልድዩ መሃል ቆሜ ጭኔን ገጥሜ ላብ በላብ ሆንኩ፤ አላፊው ሰው የታመምኩ መስሎት «እግዜር ይማርህ» አለኝ።

ድሬሰሩ ጋዜጣውን ሲፈታ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።

«ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰገራ።»

«ቀፎ ነበር ያልኩህ!»

«ቀፎው አልቻለውም።»

አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ምን እንደበላሁ ጠየቀኝ። የፉርጎውንም፣ የወተቱንም ነገርኩት። እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የሰው ሆድ ሥዕል ጎተተኝ፤ ያ ሐምራዊና ቢጫ አንጀት እርስ በርሱ የተጠማዘዘ፣ ሳየው ብቻ የሚያቅለሸልሸኝ ነገር።

«ስማ» አለኝ። «አፍህ ያላምጣል፣ በምራቅ ያቦካል። ጨጓራህ ደግሞ እንደ አሲድ በሚያቃጥል ውሃ ሲያሸው፣ ሲያሸው ይውላል፤ ፉልህም ስፓጌቲህም እዚያ አንድ ገንፎ ሆነዋል። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል፤ ሐሞት ይፈስበታል፣ ደም የሚፈልገውን ይወስዳል። ትልቁ አንጀት ከተረፈው ውሃውን ይመጥጣል። አንተን ጫቱ አዘገየህና ሲመጥጥ፣ ሲመጥጥ ሸክላ አደረገው። ከላይ የጨመርከው ገና ጨጓራህ ውስጥ እየታሸ ነበር፤ ማንን ይገፋልሃል?»

«ወተቱስ?»

«ያለመደ ሆድ ወተቱን መፍጨት ያቅተዋል። ያልተፈጨው ደግሞ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። ደረቅ ነበርክ፤ የደቻቱ ጎርፍ ወረደብህ።»

እኔ ግን ገንፎው ላይ ቀርቻለሁ። በምራቅ የቦካ፣ በአሲድ የታሸ፣ ሐሞት የፈሰሰበት ገንፎ፤ እሱን ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው ለካ ሰው የምስመው፣ ቤተክርስቲያን የምሄደው! እስከ ዛሬ ገንፎ ሲቀርብልኝ ያንን ሥዕል ነው የማየው።

ድሬሰሩ ጠብታውን በመስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፑ አየ። እኔ በሩን እያየሁ ቆሜያለሁ፤ አንድ ትል ቢያገኝ ሥራው ቀረ። ቀና አለና «ኮሶ የለም፣ አሜባ የለም። ኖረውም ከሆነ በጎርፉ ሄደዋል» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ አነበበችውና እልል አለች። እልልታው ሳያልቅ በሩ ላይ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ዋርያ! ጠርሙሴስ? ወጣልህ ወይ?»

«የምን ጠርሙስ?» አለች እናቴ።

«የግመል ወተት፣ ትናንት የጠጣው።»

ተሰብሯል ብዬ ዋሸሁ፤ የት እንዳለ መንገር አይቻልም ነበር። ሴትዮዋ እየሳቀች ሄደች። እናቴ ብርጭቆዬን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ለብቻው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ወረቀቱን እንደገና፣ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ሆድህ ንፁህ ነው ብለው ፈርመዋል» አለችኝ። «አፍህንስ ማን መረመረው?»