ክቡር ስኳር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ በስልኳ አንድ የካርቱን ሥዕል አሳየችኝ። አንድ ጠርሙስ ዘይት በዘበኛ ታጅቦ ሲሄድ ነው። እሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ጥርሴን እንኳ ስላልገለጥኩ «ዓባየ፣ አንቺ ደግሞ ቀልድ አይገባሽም» ብላኝ ሄደች። ይገባኛል እንጂ! እንዲህ ያለ ቀልድ የሰው ሕይወት ሲበላ አይቻለሁ።

አሥመራ፣ ዓባ ሻውል ሰፈር፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትምህርቱም ጋዜጣውም አማርኛ በሆነበት ዘመን ነው። ክረምት ነበር፤ ጠባቡ መንገዳችን ጭቃ ሆኖ በየደጃፉ ሴቶች በለስ ይሸጣሉ። ስኳር ዋጋው ሰማይ ወጥቶ እናቴ ሻሂውን መራራውን ትሰጠን ጀምራለች። ባለሱቁ ደግሞ ያችኑ ጥቂት ስኳር ሲመዝን ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ይጫናል። በየአደባባዩ ግን ለሚመጡ ክቡራን ሹማምንት የአበባ ቅስት ይሠራል።

የጎረቤታችን ልጅ ሃብቶም የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር፤ አልፎ አልፎ ለአንድ ጋዜጣ ይስላል። ያን ሰሞን የሳለው ወገቡ የታሰረ ወፍራም የስኳር ጆንያ ቅስቱ ሥር ቆሞ፣ ሕዝቡ ከታች አንጋጦ ሲያየው ነው። እኔ በአማርኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩና ጠራኝ፤ ሁሌም «ሓፍተይ»፣ እህቴ፣ ነው የሚለኝ።

«ለተብርሃን ሓፍተይ፣ ‹ስኳር ክቡር ኮይኑ› በአማርኛ እንዴት ይጻፋል?»

በትግርኛ ክቡር ማለት የተከበረም፣ ዋጋው የናረም ነው። በአማርኛ ግን ለዋጋ «ተወደደ» እንደሚባል አሳምሬ አውቃለሁ። ዳሩ ግን ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ከወደድኩት ሁለት ዓመት አልፎኛል። በእጄ «ተወደደ» ብዬ ብጽፍ የሚያውቅብኝ መሰለኝ። አፈርኩ። ሞኝነት ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

«ያው ክቡር ነው» አልኩና «ክቡር ስኳር» ብዬ ጻፍኩለት።

ጋዜጣው በወጣ በሦስተኛው ቀን ሁለት የጸጥታ ሰዎች በማኪና ሃብቶም ቤት መጡ። ሥዕሉን ዘርግተው «ይሄ ክቡር የተባለው ቦርጫም ማነው?» አሉት።

«ጆንያ ነው፣ ጌታዬ። ክቡር ማለት ውድ...»

«ክቡር ማለት ክቡር ነው! ማነው የጻፈው?»

ሃብቶም አንዴ አየኝና «አነ» አለ። «እኔ ነኝ፣ ሥዕሉም ጽሑፉም።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወሰዱት።

በሰባተኛው ወር ሲፈታ ከስቶ፣ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሩሽ ዳግመኛ አልያዘም። ወደ ሱዳን፣ ከሰላ ሊሄድ ሲል ቤታችን መጥቶ ለብቻዬ ጠራኝ።

«ሰው ይሳሳታል፣ ሓፍተይ። ለዚህ ብለሽ ትምህርትሽን እንዳትተዪ።»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ያን ለመናገር መጀመሪያ እንደምወደው መናገር ነበረብኝ። አሁንም አፈርኩ።

ትምህርቴን አልተውኩም። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተማርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ። ከእሱ ግን ወሬም አልመጣልኝም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ግን፣ ያችን አንዲት ቃል ሳላውቅ የቀረሁ መስሎት እስከ ዛሬ ያዝንልኛል።