ኬላ ላይ የተደፈነው የሌለ ጉድጓድ

ቦርሳዬ ይሞቃል፤ ደግሞም ይጮሃል... ጦርነት ባለበት ሰሞን እንዲህ ያለ ቦርሳ ይዞ ኬላ ላይ መድረስ ለማንም አልመክርም።

ከደሴ ወደ ቤቴ፣ ወደ ሐይቅ ከተማ እየሄድኩ ነበር። ግንባሩ ገና እኛ ጋ አልደረሰም፤ ወሬው ግን በየቀኑ እየቀረበ ነው፤ እናቴ ደግሞ ቤት ብቻዋን ናት። ከተማው መግቢያ ላይ የአካባቢው ሰዎች ገመድ ወጥረው ይፈትሻሉ። ሚኒባሱ ቆመና ወረድን። እንድሪስ የሚባል ክላሽ ያነገተ ወጣት ቦርሳዬን ነካ አደረገና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«ይሄ ቦርሳ ነፍስ አለው እንዴ?» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ሹፌራችን ማንም ሳያዘው መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመ።

«ላፕቶፕ ነው... እየሠራ ስለሆነ ነው የሚጮኸው» አልኩ።

«አንች እዚህ ቆመሽ እሱ ምኑን ነው የሚሠራው?»

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን ነበር የሚሠራው። ደሴ ጓደኛዬ ቤት መብራት ስለነበረ ስሌቱን እዚያ አስጀመርኩት፤ ሳያልቅ መሄድ ግድ ሆነብኝና ክዳኑ ተዘግቶ እንዳያቆመው መሃሉ ላይ ሻርፕ አስገብቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። መሃል ላይ ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው። የተራዘመልኝ ጊዜ ደግሞ ሊያልቅ ነው፤ ውጤቱን ካላስገባሁ ትምህርቱ በቃ ቀረ ማለት ነው። ባትሪው እየወረደ ነበር።

እንድሪስ ላፕቶፑን አውጥቶ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ክብ አለ፤ መሃሉ ላይ ቀይ ነገር ቀስ እያለ ይሰፋል።

«ይሄ የየት ካርታ ነው?»

ያው እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። ፋብሪካ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ከመልቀቅ ከመሬት በታች ይቀብሩታል አልኩ። ጋዙ ደረቅ ስለሆነ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨዋማ ውሃ ያደርቀዋል፤ ውሃው ሲሄድ ጨው ይቀራል፤ ጨው ሲጠራቀም ጋዙ የሚገባበትን መንገድ ይደፍነዋል። እኔ ጨው ምን ያህል እንደሚጠራቀም በሒሳብ እያሰላሁ ነው አልኩ። በጥሩ አማርኛ ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር... እነሱ ጆሮ የገባው ግን «ጋዝ»፣ «ከመሬት በታች» እና «መቅበር» ብቻ ነው። የቀረበው ሰው ተመልሶ ሸሸ።

«ጉድጓዱ የት ነው?» አለ እንድሪስ።

«የትም የለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው ያለው።»

«የሌለ ጉድጓድ ይደፈን አይደፈን ነው የምትጠብቂው?»

ነገሩ ልክ ነው።

«ወላሂ የሸህ አህመድ ልጅ ነኝ! አባቴን ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አልኩ።

«አባትሽንማ እናውቃለን። ይሄን ነው የማናውቀው» ብሎ ላፕቶፑን ሊዘጋው እጁን ሰደደ። ዘግቶ ወረዳ ሊልከው ነው። ያኔ ወረዳ የገባ ዕቃ መቼ እንደሚወጣ አንድ አላህ ነው የሚያውቀው።

«ተው አትዝጋው» የሚል ድምፅ መጣ። ሸህ ሙሄ ናቸው፤ ሰው የሚያስታርቁ፣ ኬላውንም የሚመሩ ሽማግሌ። እኛ ጋ ሽምግልና ላይ የተከሰሰ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ አይቋረጥም፤ ያቋረጠ ሰው ይገሠፃል። ሸህ ሙሄ ይሄን ሥርዓት ላፕቶፔ ላይ ሠሩበት።

«ሳይጨርስ ምን ብለን ነው የምንፈርድበት? ይጨርስና እናየዋለን» አሉ።

«ሸህዬ... ባትሪው ሊያልቅ ነው» አልኩ።

ኬላው አጠገብ በጄኔሬተር ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሱቅ አለ። በሸህ ሙሄ ትእዛዝ የሰው ስልክ ተነቀለና ላፕቶፔ ተሰካ። ባለስልኮቹ አጉረመረሙ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ፍጻሜውን ኸይር ያድርገው» አሉ። ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን አለ። እኔ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከዚያ ቁጭ ብለን ማየት ሆነ። በርጩማ ሰጡኝ፣ ሻይ መጣ። መጀመሪያ እኔን ነበር የሚጠብቁት፤ እየቆየ ግን ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ከየመኪናው የወረደ መንገደኛ ሁሉ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ የሚያስረዳው እንድሪስ ሆነ።

«ቀዩ ጨው ነው። ጋዙ በዚህ ሊገባ ይፈልጋል፣ ጨው ደግሞ አላስገባም እያለው ነው። እንዳትነካው፣ እያሰበ ነው።»

ጸሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ቀዩ መሃሉን ጠቅልሎ ያዘውና ሥራው አበቃ።

«ደፈነው!» ብሎ እንድሪስ ብድግ አለ። ሰው አጨበጨበ። ሸህ ሙሄ ግን ደነገጡ።

«ውይ ልጄ... ከሸፈብሽ ማለት ነው?»

«ኧረ አልከሸፈም ሸህዬ፣ መድፈኑን ነበር ማየት የፈለግኩት» አልኩና ለቅሶዬ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ፍርሃት ነው መሰለኝ፣ አላቆም አለኝ። «አብሽሪ» አሉኝ፤ እንድሪስ ላፕቶፑን ራሱ ቦርሳ ውስጥ ከቶ እስከ ቤቴ ተሸከመልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ግንባሩ እኛ ጋ ደረሰ። ሰው ተበተነ፣ ኬላውም ፈረሰ። ሸህ ሙሄ ደህና ናቸው። እንድሪስን ግን ስጠይቅ አይቼዋለሁ የሚለኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም ምናልባት ያየው ሰው ካለ ብዬ ነው።

እኔ ተመርቄያለሁ። አማካሪዬ እንኳ ገጽ እየዘለለ ያነበበውን ሥራ ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መጨረሻው ያየልኝ ሰው ግን እሱ ብቻ ነው።