እማማን የቀበርን ቀን ግቢውን ማን ጠበቀ?

ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤቴ በሩ ላይ የብረት ፍርግርግ እያስበየደ ነው። የተቃጠለው ብረት ሽታ በመስኮት ገብቶ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ከማን እንደሚጠበቅ ልጠይቀው አሰብኩና ስሙን እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። እሱም የኔን አያውቅም። በቃ፣ ሽታው ይዞኝ ካዛንቺስ ገባ፤ ዛሬ ፈርሶ አስፋልት ወደተነጠፈበት ግቢያችን።

አምስት ቤት ነበርን፣ የቆርቆሮ በራችን አንድ። መቀርቀሪያው ዝጎ ንቅንቅ አይልም። ቁልፋችን እማማ ነበሩ። ልጅ የሌላቸው ባልቴት፤ በሩ አጠገብ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ሲቀነጥሱ ይውላሉ። ጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ሾልካ ነጠላቸው ላይ ትበተናለች። የሚወጣው ሁሉ "እማማ፣ ቤቱን!" ይላል። እሳቸውም ቀና ሳይሉ "ሂድ፣ አለሁ" ይላሉ።

እኔ ያኔ ጢሜን በመስታወት የምፈልግ ጎረምሳ ነበርኩ። ባምቢስ አካባቢ ሱቅ ተቀጥሬ ሰው የሆንኩ መሰለኝና ለኪራይ ክፍሌ ጓጉንቸር ገዛሁ። እማማ ስቆልፍ አዩኝ።

"አንተ ደግሞ ምን አለህና ነው? ሌባ ቢገባብህ አዝኖልህ የሆነ ነገር ጥሎልህ ይሄዳል!"

የፊት ለፊት ቤት ልጅ ሰምታ በሳቅ ፈረሰች። ጓጉንቸሩን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሳቅ በኋላ እንኳን በሬን ራሴንም መጠበቅ አቃተኝ።

የሰፈሩ ሌባ ቀብር ይወዳል። ሰው ሁሉ ለቅሶ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ነዋ! ስለዚህ ከየግቢው አንድ ሰው ይቀራል። ከኛ ግቢ ሁልጊዜ የሚቀሩት እማማ ነበሩ፤ "ጉልበቴ አይችልም፣ እኔ እዚሁ አለቅሳለሁ" እያሉ።

አንድ ቀን ማለዳ እማማ አረፉ። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ የእድሩ ድንኳን ከመንገዱ ማዶ ተተከለ። ቀብሩ ቂርቆስ ነበር፤ ሽማግሌ ሕፃን ሳይቀር ወጣ። እኔም ያለችኝን አንዲት ኮት ለብሼ ከሬሳው ኋላ፣ ማለቴ ከልጅቷ ኋላ፣ ተከተልኩ። ጮክ ብዬ ሳለቅስ ዘወር ብላ፣ "ቀስ በል፣ እማማን ትቀሰቅሳቸዋለህ" አለችኝ። የምሬን ነበር የማለቅሰው፤ ግን እኔን ማን ያምናል?

ስንመለስ መንገድ ላይ ድንገት ቆመች።

"ግቢውን ማን ጠበቀ?"

እርስ በርስ ተያየን። ሁላችንም በልባችን "እማማ አሉ" ብለን ነበር የወጣነው።

ሮጥን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ዱካቸው ተገልብጧል። የልጅቷ እናት ቤቷን የምታስተዳድርበት የስፌት መኪና የለም። ከእኔ ክፍል የሄደው ብርድ ልብሴ ብቻ ነው። እማማ በሕይወት ቢኖሩ "ምስኪን፣ በርዶት ነው" ይሉልኝ ነበር፤ ለሌባው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ጓጉንቸር ገዛ። የአጥሩ ጫፍ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተከለ። ከየበሩ ጀርባ "ባዶ መሆኑን ማን ነገራቸው?" የሚል ሹክሹክታ ይሰማኝ ጀመር። ስንወጣ ቤት አደራ የሚል፣ "አለሁ" የሚልም ጠፋ። ቀጥሎ የሞተው የልጅቷ አባት ነበር። ያን ቀን ከየቤቱ ሰው ቀረ፣ የየራሱን በር ሊጠብቅ። ቃሬዛውን የሚሸከም አንሶን መንገደኛ ለመንን።

ልጅቷን አገባኋት፤ ፈርዶባት። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም አብረን መጣን። የብረት በር ከነሦስት ቁልፉ ሳስገጥም "ባንክ ልትከፍት ነው እንዴ፣ ሰውዬ?" እያለች ስትስቅብኝ ከረመች።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ቀበርኳት። ቤት ጠብቅልኝ የምለው ሰው አልነበረኝም። ሦስቱንም ቆልፌ ሄድኩ። ስመለስ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ነጠላ ጫማዋ በሩ ሥር፣ መነጽሯ ጠረጴዛው ላይ፣ ሹራቧ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ሌባ አልገባም። ከቤቱ አንድም የጎደለ ዕቃ አልነበረም።