የአባቴ ጥቁር ዱቄት

አባቴ ሽበሺ ሀዋሳ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር። ብልቃጥ ያጥባል፣ ዱቄት ይመዝናል፣ ምድጃ ይጠብቃል። የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ታቦር ሰፈር ውስጥ «ዶክተር» ሲሉት አንድ ቀን እንኳ አላረማቸውም።

በ1975 ዓ.ም. ወልደአማኑኤል የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር መጣ። ብረት፣ ኮባልትና ቦሮን ያሉባቸውን ክሪስታሎች ይሠራ ነበር። ዱቄቶቹን ቦራክስ ከሚባል ማቅለጫ ጨው ጋር አቅልጦ ምድጃውን ለቀናት ቀስ በቀስ ሲያቀዘቅዘው፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ጥቁር ክሪስታሎች ይወጣሉ። በኮባልቱ ቦታ ሌላ የብረት ዘር ቢገባ የውስጥ የአተም አደራደራቸውም ማግኔትነታቸውም ይለወጣል ባይ ነው። አስቀድሞ ግን ንጹሑን ማስመርመር ነበረበት። የመጀመሪያው ዙር ሞስኮ ተልኮ ጥሩ ውጤት መጣ። ሁለተኛው ያንኑ ከደገመ ለዶክትሬት የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኛል።

አባቴ የኮባልቱን ጥቁር ዱቄት ከነብልቃጡ የደፋው ለዚሁ ለሁለተኛው ዙር ሲመዝን ነው። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ መድፋት በዚያን ጊዜ «አሻጥር» ሊባል ይችላል፤ በአሻጥር የተያዘ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ኬሚካል ሲጠፋ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ፈልፍሎ ለተማሪዎች ሙከራ ማዋል የቤተ ሙከራው ልማድ ነበር። አባቴ ከዚያ የወጣውን ጥቁር ዱቄት፣ ማንጋኒዝ የሚባለውን የብረት ዘር፣ በጎደለው ላይ ሞላበት። ጥቁርን ከጥቁር ማን ይለየዋል? መርፌዎቹም ያው ጥቁር ሆነው ወጡ።

ሞስኮ ግን ለየችው። አደራደሩ እንደ ፊተኛው አይደለም፣ ማግኔትነቱም ደክሟል፣ ስለዚህ የመጀመሪያውም ውጤት አጠራጣሪ ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ስብሰባ ተጠራ። «ማነው የመዘነው?» ሲባል ወልደአማኑኤል አባቴን ላለማስጠየቅ «እኔ ነኝ» አለ። አባቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ዝም አለ። ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ወልደአማኑኤልም ቡሹሎ አካባቢ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተዛወረ።

አልዋሽም፣ ይህን የነገረኝ ቀን በአባቴ አፈርኩ። እሱም ቢሆን እንቅልፍ አጥቷል፤ «ዶክተር» ያለውን ሰው ሁሉ መሳደብ ጀምሮ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእሱ ሰባት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ብቻዬን አልችልም፣ አብረሽኝ ነይ» አለኝና ቡሹሎ ሄድን።

ወልደአማኑኤል ጠመኔ እንደያዘ ከክፍል ወጣ።

«መምህር፣ ያኔ ለሁለተኛው ዙር ስመዝን ኮባልቱን ደፍቼው ነበር። የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ጨመርኩበት። በደልኩዎት» አለ አባቴ፤ አለቀሰም።

ሰውዬው ቢሰድበው አልፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ።

«ማንጋኒዝ! ጋሽ ሽበሺ፣ ልክ ነበርኩ ማለት ነው እኮ! የኮባልቱን ቦታ ማንጋኒዝ ስለያዘው ነው ማግኔትነቱ የደከመው። ስፈልገው የነበረው ይኼንኑ ነው!» ጠመኔውን ጥሎ እስክሪብቶ አወጣ። «መርፌዎቹን ሞስኮዎቹ ጥለዋቸዋል፤ የምርመራው ቁጥር ግን እኔ ዘንድ አለ። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስንት ግራም ጨመሩ?»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ።

«አልመዘንኩትም። ሰው ሳያየኝ ብዬ፣ በዓይኔ ገምቼ ነው የጨመርኩት።»

ወልደአማኑኤል «አይዞዎት፣ ጋሽ ሽበሺ» ብሎ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ መለሰው።