የጋሽ ብሎን ጋሪና የዶሮዋ አንገት

የምሥራች! «ምሥር ብላ» ለማለት አትቸኩሉ፤ የማን እንደሆነ ገና መቼ ነገርኳችሁ! ሾርባው ሳይፈስ ደረሰ! ክፍሉም አልተዘጋም!

ክፍሉ የጋሽ ብሎን ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ኖሮ፣ ጠመኔ የጨበጠው ጎልምሶ ነው። ዛሬም የላላ ነገር ካየ እጁን ይበላዋል። የበር እጀታ፣ የወንበር እግር፣ የሰው መነጽር ሳይቀር ያጠብቃል።

ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች የሚያስተምረው ፍጥረትን እያዩ ዕቃ መሥራትን ነው። «ፍጥረት ከእኛ በፊት ብዙ ሞክሮ፣ ብዙ ጥሏል፤ እሱን ጠይቁት» ይላቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ።

«መምህር፣ ዶሮ ሲያዩ የሚውሉ ልጆች ምን ተማሩ ልበል? እስከ ዓርብ አንድ የሚሠራ ነገር ካላሳዩኝ ክፍሉን ለመጋዘን እፈልገዋለሁ» አሉት።

ችግር ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ በየቀኑ ትኩስ ሾርባ በእጅ ጋሪ እየገፋች ያንን ኮረኮንች ግቢ ታቋርጣለች። ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሲረጭ ደግሞ እጇን ያቃጥላታል። ልጆቹ ዶሮ ይዘው ሲያወዛውዟት ጭንቅላቷ ካለበት እንደማይነቃነቅ አይተዋልና፣ «እንደሷ ያለ ጋሪ እንሥራ» አሉ።

የመጀመሪያውን ሲያመጡላት አብሳይዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከቆርቆሮ ረጅም አንገት፣ ዐይንና መንቁር ሳይቀር አበጅተውለታል።

«ዶሮዋስ ታምራለች፤ ሾርባዬ የታለ?» አለች ግቢውን ገፍታው ስትመለስ፣ ባዶውን ድስት አዘንብላ እያሳየች።

«ልጆች፣ መልኳን ወስደን ሥራዋን ትተንላታል» አለ ጋሽ ብሎን። ቆርቆሮውን አስነቀለና እንደ ልማዱ ድስቱን የያዙትን ብሎኖች እስኪጮሁ አጠበቃቸው። ሲሞክሩት ባሰበት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአፏ ቃል የማይወጣ አንዲት ልጅ ዶሮዋን ታቅፋ ወደ ላይ ወደ ታች ስታደርጋት ቆየችና፣ «ጋሼ፣ አይቆጡኝ» አለች።

«ምን ያስቆጣኛል? ተናገሪ እንጂ።»

«ጎበዙ ጭንቅላቷ አይደለም። አንገቷ ነው ሰውነቷ ሲወዛወዝ እሺ እያለ የሚያስታርቀው። የእርስዎ ብሎን ግን እሺ አይልም። ያላሉት።»

ጋሽ ብሎንን «ያላሉ»! «አለቀላት!» አለ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ። ጋሽ ብሎን መፍቻውን አየ፤ ዶሮዋን አየ፤ ልጅቷን አየ። ከዚያ መፍቻውን ለልጅቷ ሰጣት።

ብሎኖቹ ተፈቱ። ድስቱ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ በተቆረጠ ጥብጣብ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩም አራት ለስላሳ ሞላ ገባለት።

ዓርብ ዕለት ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። አብሳይዋ «እኔን ማታለል የለም!» ብላ ጉድጓድ ጉድጓዱን እየመረጠች ገፋች። ጋሪው ይዘላል፤ ድስቱ እንደ ሙሽራ ረጋ ብሎ ይመጣል። ክዳኑ ሲነሣ ሾርባው እስከ አፉ! ቢፈስ አንዲት ማንኪያ ነው።

«ይሄን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አሉት ርዕሰ መምህሩ።

«እኔማ አጥብቄው ነበር፤ ያላላችው እሷ ናት» አለ ወደ ልጅቷ እያመለከተ። ደረቱ ተነፍቶ የሸሚዙ ቁልፍ ሊበጠስ ምንም አልቀረው። በራሱ ሥራ እንኳ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

ርዕሰ መምህሩ አንድ ጭልፋ ቀመሱና፣ «ለመጋዘኑ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» ብለው ሄዱ። ልጆቹ ግቢውን በጩኸት አናወጡት።

ኧረ ልሂድ! የጋሽ ብሎን እህት ገና አልሰማችም፤ ይሄን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች አለቀልኝ። ጫማዬ የት ገባ?