ረጀብ ያላንኳኳው ጭንቅላት

በካይሮው ኢምባባ ሰፈር ሸሃታን የማያውቅ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ዳቦ የተደረደረበትን የእንጨት ርብራብ በጭንቅላቱ ተሸክሞ፣ በአንድ እጁ ብስክሌት እየነዳ፣ ባለመኪናውን ሁሉ እየሰደበ የሚያልፈው እሱ ነበር። አንድ ቀን ሚኒባስ ገጨው። ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉለት፤ ከራስ ቅሉ ግን መዳፍ የምታህል አጥንት ደቅቃ ወጣች።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ክፍተቱ በምን ሊደፈን እንደሚችል ነገረው። "የአጥንት ሲሚንቶ አለ፣ ርካሽ ነው። ቲታኒየም የሚባል ብረት አለ፣ እሱ ውድ ነው።"

"ዳቦ የሚያሸክመኝ የትኛው ነው ዶክተር?"

"ባትሸከም ደስ ይለኛል። የግድ ካልክ ግን ቲታኒየም ይሻልሃል። ሲሚንቶው ከተመታ ይሰነጠቃል።"

ሚስቱ ኒዕማት የሰርጓን የወርቅ አምባሮች አውልቃ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። "እኔ እጅ ላይ ከሚቀመጡ አንተ ጭንቅላት ላይ ይቀመጡ" አለችው።

የሚገጠመውን ከሆስፒታሉ ውጭ ካለ ሱቅ ገዝቶ የሚያመጣው ቤተሰብ ነው። ሸሃታ አምባሮቹን ሸጦ ቲታኒየሙን እንዲገዛ ታላቅ ወንድሙን ረጀብን ላከ። ደረሰኝ? ኧረ ተዉኝ! እንደ አባት ያሳደገ ወንድም ደረሰኝ ይጠየቃል እንዴ? ነውር ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሸሃታ ሰፈሩን ሁሉ "አንኳኩ! ቲታኒየም ነው!" ይል ጀመር። ሲያንኳኩበት "ማነው?" ይላቸዋል። ኒዕማትም ጠዋት ጠዋት አንኳኩታ ነው የምትቀሰቅሰው። ረጀብ ጥግ ሆኖ ይስቃል። ያን ሰሞን ባለ ሦስት እግር ሞተር ገዝቶ ለሸሃታ ደንበኞች ዳቦ ያደርስ ነበር። "እስክትድን ላቆይልህ ብዬ ነው፤ በዱቤ ነው የወሰድኩት" አለው። ሸሃታ፣ የዋሁ፣ መረቀው!

ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ሐኪሙ ሄደ። "እንግዲህ ርብራቤን ልሸከም?"

"በሲሚንቶ? አብደሃል እንዴ!"

"የምን ሲሚንቶ?"

"ወንድምህ ያመጣው ነዋ። 'አቅማችን ይሄው ነው' ሲለኝ እኮ አዘንኩላችሁ።"

ሸሃታ በቀጥታ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ረጀብ ሞተሩ ላይ ዳቦ እየጫነ ነበር።

"ጋሼ፣ የኒዕማት አምባር የታለ?"

ረጀብ ፊቱ ጠቆረ። "ሞተሩን የገዛሁበት ለሁላችንም ብዬ ነው፣ ወንድምዓለም። ጭንቅላትህ እንደሆነ ተደፍኗል። ና፣ ከኋላ ቁጭ ብለህ ዳቦ ታቀብለኛለህ።"

"ጭንቅላቴን አምኜ ሰጥቼህ ነው የላክሁህ እኮ! ሰፈሩ ሁሉ ሲያንኳኳ አንተ አንድ ቀን አላንኳኳህም። ለካ ታውቀው ኖሯል።" የወንድሙን እጅ ይዞ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው። "እስቲ አንኳኳ።"

የረጀብ ጣቶች አልታጠፉም። "ዳቦው እየቀዘቀዘ ነው" አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፣ በሸሃታ መንገድ፣ ወደ ሸሃታ ደንበኞች።

በማግስቱ ጠዋት ኒዕማት እንደ ልማዷ በባዶ እጇ፣ ያለ አምባር ኮሽታ፣ አንኳኳችለት። ነቅቶ ነበር። "ማነው?" ማለት ግን አቃተው።